ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ፣ ባሕር ተሻግሮ

ቦሌ አትላስ አካባቢ ባለ አንድ ቢሮ ውስጥ ሁለት ባልደረቦች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል እንበል። አንዱ በስልኩ የቀረጸው 1 ጊጋባይት የሚያህል ቪዲዮ አለው፤ ሌላዋ በላፕቶፗ ልትቆራርጠውና ልታስተካክለው ትፈልጋለች። በስልኩና በላፕቶፑ መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። ታዲያ ምን ትለዋለች? አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው የሚለውን፦ «በቴሌግራም ላክልኝ።»

ቪዲዮው ጉዞውን ይጀምራል። ከስልኩ ተነሥቶ ወደ ቴሌኮም ማማ ይወጣል። በጅቡቲ ወይም በኬንያ በኩል ድንበር ያቋርጣል፣ በባሕር ሥር ኬብል ይነጉዳል፣ ውጭ አገር ባለ የቴሌግራም ማከማቻ ውስጥ ያርፋል። ከዚያ ደግሞ ያንኑ መንገድ ተመልሶ፣ ከተነሣበት አንድ ክንድ ርቆ ላፕቶፑ ላይ ይወርዳል። ሲላክ 1 ጊጋባይት፣ ሲወርድ 1 ጊጋባይት፤ በድምሩ 2 ጊጋባይት ጥቅል ተበላ። ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል፤ ፋይሉ ገና 40 በመቶ ላይ ነው።

አበው «ቅርብ ያለ ጠበል ልጥ ይነከርበታል» ይላሉ። እነዚያ ሁለት መሣሪያዎች ያለ አንዲት ሳንቲም ጥቅል፣ ያለ ቴሌኮም ማማ፣ ያለ ባሕር ሥር ኬብል በቀጥታ መነጋገር ይችሉ ነበር። አጭሩ መንገድ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ማንም አላየውም።

ነገሩ ተራ የቢሮ ጉዳይ ይመስላል። ያለፉትን ሠላሳ ዓመታት ወደ ኋላ ሄዶ ለሚያይ ግን ትልቅ ፋይልን ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ማድረስ በኢትዮጵያ የገንዘብ፣ የሥራና አንዳንዴም የፖለቲካ ጥያቄ ሆኖ ኖሯል። ረጅሙ መንገድ ውድ በሆነ ቁጥር፣ ቀርፋፋ በሆነ ቁጥር፣ በተዘጋ ቁጥር ሥራውን የሠራው አጭሩ መንገድ ነው።

በሰው እጅ

ኢንተርኔት ሳይመጣ በፊት የአዲስ አበባ ትልቁ የመረጃ በር ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አየር ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ከተዛወረ በኋላ፣ በተለይ ደግሞ ከአብዮቱ ወዲህ በርካታ ኢትዮጵያውያን በውጭ አገር ሲቀሩ፣ በየቤቱ አንድ ጥያቄ ተለመደ፦ «የሚሄድ ሰው አለ?» የሚሄድ ሰው ከተገኘ ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር ፖስታ ይሰጠዋል፤ ከፖስታው ጋር ደግሞ ካሴት። እናት ለልጇ በድምፅ የቀዳችው ሰላምታ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ የተናገረበት፣ አንዳንዴም ለቅሶ ያለበት ካሴት። የስልክ ጥሪ ውድ በነበረበት ዘመን አንድ ሰዓት ሙሉ ድምፅ ወደ ዋሽንግተን ወይም ወደ ሮም የሚያደርስ ከዚህ የረከሰ መንገድ አልነበረም።

ቀጥሎ የሰርግ ቪዲዮ መጣ፤ ከእሱም ጋር ዛሬም ድረስ የሚያስቸግር አንድ ትምህርት። አዲስ አበባ የተቀረጸ የቪኤችኤስ ካሴት የሚሠራው ፓል በሚባለው ሥርዓት ነበር፤ አሜሪካ ደግሞ ኤንቲኤስሲ የሚባል ሌላ ሥርዓት ትጠቀም ነበር። ስለዚህ አትላንቲክን ያለ ችግር የተሻገረው ካሴት ሳሎን ደርሶ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ቀለሙ ይጠፋል፣ አልያም ጭራሽ አይታይም። ቤተሰቡ ገንዘብ ከፍሎ «ማስቀየር» ነበረበት። ዕቃው መድረሱ ብቻ አልበቃም፤ ላኪና ተቀባይ አንድ ቋንቋ መናገር ነበረባቸው።

ሞልቶ የሚሄድ መልእክት

በ1980ዎቹ ዓ.ም. መስቀል አደባባይ አጠገብ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚክ ኮሚሽን ግቢ ውስጥ ፓዲስ የሚባል የመረጃ ክፍል ነበር። ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ሳይኖራት በፊት ኤሌክትሮኒክ መልእክት የሚላላኩ ጥቂት ተመራማሪዎችና ድርጅቶች የተገለገሉት በዚህ ክፍል በኩል ነው። የሚጠቀምበት ፊዶኔት የተባለው ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1984 በአሜሪካ በትርፍ ሰዓት ኮምፒውተር አፍቃሪዎች የተፈጠረ ሲሆን፣ አሠራሩ ለአዲስ አበባ ሰው እንግዳ አይደለም፤ ልክ እንደ ሚኒባስ ነው። መልእክቱ እንደተጻፈ አይሄድም። ሌሎች መልእክቶች እስኪሰበሰቡ ይጠብቃል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ ስልክ ይደውላል፣ የተጠራቀመውን በአንድ ጊዜ ያራግፋል፣ የመጣውን ይቀበላል፣ ስልኩን ይዘጋል። ሞልቶ መሄድ ማለት ነው። ምክንያቱም የዓለም አቀፍ ስልክ እያንዳንዷ ደቂቃ ዋጋ ነበራት።

በ1989 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን የኢንተርኔት አገልግሎት ጀመረ። እንደ ጉድ የታየ ነገር ነበር፤ ግን ለትልቅ ፋይል የሚሆን አልነበረም። በስልክ መስመር የሚሠራው ሞደም በጥሩ ቀኑ በሰከንድ 56 ኪሎቢት ይደርሳል። አንድ ሙሉ ሲዲ 700 ሜጋባይት ይይዛል። ይህን ሲዲ በዚያ ሞደም ለመላክ፣ መስመሩ ለአፍታ እንኳ ሳይቋረጥ፣ 28 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መስመሩ እንደማይቋረጥ ማን ዋስትና ይሰጣል? ስለዚህ በቦሌ መንገድ ላይ የተከፈቱት ኢንተርኔት ቤቶች ለኢሜይልና ለዲቪ ፎርም ሆኑ፤ ከበድ ያለው ነገር ሁሉ በእጅ መጓዙን ቀጠለ። መጀመሪያ 1.44 ሜጋባይት በሚይዘው ፍሎፒ፣ ቀጥሎ ወደ 500 የሚጠጉ ፍሎፒዎችን በአንድ ሳህን ላይ ባጠቃለለው ሲዲ።

የፍላሽ ዘመን

እ.ኤ.አ. በ2000 ገበያ ላይ የዋለው ፍላሽ ዲስክ ይህን ከተማ የለወጠውን ያህል ጥቂት የኮምፒውተር ዕቃዎች ለውጠውታል። መጀመሪያ በሜጋባይት፣ ኋላ በጊጋባይት እየተቆጠረ በቁልፍ መያዣ ላይ ተንጠለጠለ። ከመገናኛ እስከ ገርጂ፣ ከሃያ ሁለት እስከ ሲኤምሲ ባሉ ትንንሽ ሱቆች በር ላይ «ዘፈን እንጭናለን፣ ፊልም እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ተለጠፈ። ሰው ፍላሹን ወይም የስልኩን ሚሞሪ ይሰጣል፣ ከረጅም ዝርዝር ይመርጣል፣ ከፍሎ ይሄዳል። በኢንተርኔት ቢሆን ቀናት የሚወስድ የፊልም ክምችት በደቂቃዎች ይገለበጣል። ከተማዋ ሳታውቀው ሰፊ የፋይል ማስተላለፊያ መረብ ዘርግታ ነበር፤ ኬብሉ የሰው እግርና ታክሲ ነው። ስሙ ራሱ «መገናኛ» የሆነ ሰፈር የዚህ መረብ ዋና መጋጠሚያ መሆኑ ደግሞ ግጥምጥሞሹን ያሳምረዋል።

ይህ የድሃ አገር መላ ብቻ ነው ብሎ የሚያፍር ካለ ሒሳቡን ይሥራ። አንድ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ የአንድ ቀን ቀረጻው 50 ጊጋባይት ቢሆንና ከቦሌ መድኃኔዓለም ገርጂ ላለው ኤዲተር ማድረስ ቢፈልግ፣ መላኪያ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሆነ መስመር ከ11 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። «10 ሜጋ» ተብሎ የሚሸጠው መስመር ሜጋቢት እንጂ ሜጋባይት አይደለም፤ አንድ ባይት ስምንት ቢት ነውና በሰከንድ የሚያልፈው 1.25 ሜጋባይት ብቻ ነው። ያው ቪዲዮ በሃርድ ዲስክ ተይዞ፣ የቦሌ መንገድ ተጨናንቆ አንድ ሰዓት ቢፈጅ እንኳ፣ የጉዞው ፍጥነት በሰከንድ 111 ሜጋቢት ሆነ ማለት ነው። ዲስኩ 2 ቴራባይት ሙሉ ከሆነ ደግሞ ያቺ በመብራት ላይ የቆመች ታክሲ በሰከንድ ከ4 ጊጋቢት በላይ እያጓጓዘች ነው።

ዓለምም ይህን ሒሳብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የኢንተርኔቱ ዝግመት ያማረረው አንድ የደቡብ አፍሪካ ድርጅት ዊንስተን በተባለች እርግብ እግር ላይ 4 ጊጋባይት የያዘ ካርድ አስሮ ለቀቃት። እርግቧ ወደ ደርባን አካባቢ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በረረች። ካርዱ ኮምፒውተር ላይ እስኪገለበጥ ድረስ ያለው ጊዜ ተደምሮ ከሁለት ሰዓት ትንሽ የበለጠ ጊዜ ወሰደ፤ በኢንተርኔት የተላከው ያው ፋይል በዚያ ሰዓት ገና 4 በመቶው ነበር የደረሰው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ይፋ የሆነው የመጀመሪያው የጥቁር ጉድጓድ ምስልም እንዲሁ በእጅ የተጓዘ ነው። ቴሌስኮፖቹ የሰበሰቡት መረጃ ወደ 5 ፔታባይት ይደርስ ስለነበር በሃርድ ዲስክ ተጭኖ በአውሮፕላን ወደ አሜሪካና ወደ ጀርመን ተላከ። የደቡብ ዋልታው ድርሻ የዋልታው ክረምት አልፎ አውሮፕላን እስኪያርፍ ወራት ጠበቀ። ሳይንቲስቶቹ ፈጣን ኢንተርኔት አጥተው አልነበረም፤ መጠኑ ሲገዝፍ ተሸክሞ መሄድ ይፈጥናል።

መንገዱ ሲዘጋ

ከዚያ ስልኮች ዘመኑን ተረከቡ። ብሉቱዝ ለአንድ ዘፈን ጥሩ ነበር፤ 5 ሜጋባይት በ20 ሰከንድ ገደማ ያሻግራል። ለአንድ 700 ሜጋባይት ፊልም ግን ሁለቱ ስልኮች ለሦስት ሩብ ሰዓት ተጠጋግተው መቀመጥ ነበረባቸው። ሼርኢትና ዜንደር የተባሉት የቻይና መተግበሪያዎች በታክሲው፣ በካፌውና በዩኒቨርሲቲው ዶርም የገነኑት ለዚህ ነው። አንዱ ስልክ ዋይፋይ ይከፍታል፣ ሌላው ይገባበታል፣ ፋይሉ በቀጥታ ያልፋል። ጥቅል አይበላም፤ ፍጥነቱም ከብሉቱዝ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። «በዜንደር ላክልኝ» የዕለት ተዕለት ንግግር ሆነ።

የዚህ ቀጥተኛ መንገድ ዋጋ በደንብ የታወቀው ረጅሙ መንገድ ሲዘጋ ነው። በግንቦት 22 ቀን 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ሾልኮ ወጥቶ ተሰረዘ፤ ፈተናው በድጋሚ ሲሰጥ መንግሥት ማኅበራዊ ሚዲያን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ መዝጋት ልማድ ሆነ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግስት፣ ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የአገሪቱ ኢንተርኔት ጠፋ፤ ሙሉ በሙሉ የተመለሰው ከሦስት ሳምንት በላይ ቆይቶ ነው። በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ሕዝቡ ከዓለም ተቆረጠ። በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው አምስት ወር ያህል ቆዩ፤ የቻናል ተከታታዮች ሁሉ ቪፒኤን መጫን የተማሩበት ጊዜ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለበርካታ ወራት ዘለቀ።

እነዚህ ቀናት ለአንድ የቦሌ ድርጅት ምን ማለት እንደነበሩ ለማሰብ አያዳግትም። ፋይሉን ሁሉ ውጭ አገር ባለ ማከማቻ ላይ ያኖረ ቢሮ በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ቀረ። ኮምፒውተሮቹን በኬብል ያገናኘና የፋይሎቹን ቅጂ እዚያው ቢሮው ውስጥ ያስቀመጠ ግን ከደንበኛው ጋር ባይገናኝም ቢያንስ የጀመረውን ሥራ ቀጠለ። ልዩነቱ ያለው በበጀታቸው መጠን ላይ አልነበረም፤ ፋይላቸው በየት በኩል እንደሚሄድ በማሰባቸውና ባለማሰባቸው ላይ ነበር።

በታኅሣሥ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከቦሌ ወደ መቀሌ በረራውን ከረጅም ጊዜ በኋላ ሲቀጥል «የሚሄድ ሰው አለ?» የሚለው የድሮ ጥያቄ ለብዙ ቤተሰብ እንደ አዲስ የተስፋ ቃል ሆኖ ነበር። የካሴቱ ዘመን ያለፈ የመሰለው ሰው ተሳስቷል።

መንገዱን የሚዘጋው መንግሥት ብቻም አይደለም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 በቀይ ባሕር ጦርነት መካከል በርካታ የባሕር ሥር ኬብሎች ተቆርጠው የአፍሪካና የእስያ ግንኙነት ተጎድቷል። ባሕር ለሌላት አገር ከጎረቤት ጠረጴዛ ጋር የሚደረገው ልውውጥ ሁሉ በባሕር በኩል እንዲያልፍ መፍቀድ ምን ያህል አጉል ድፍረት እንደሆነ ያኔ ታየ።

እጅም ዕዳ አለበት

አጭሩን መንገድ ማመስገን ግን ጥፋቱን መደበቅ መሆን የለበትም። ያ የፍላሽ መረብ ሲያገለግል የኖረው በሌላ ሰው ላብ ላይ ጭምር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሆኖም አንድ አልበም በወጣ ዕለት ከሱቅ ወደ ሱቅ፣ ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ ሲገለበጥ ድምፃዊው፣ ዜማና ግጥም ደራሲው፣ አቀናባሪው ከዚያ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አላዩም። የአማርኛ ፊልም ሠሪዎችም በሲኒማ ቤት ካገኙት በላይ በሲዲ ቅጂ የተነጠቁበት ጊዜ ነበር። ፋይል በቀላሉ የሚገለበጥ መሆኑ ባለቤት የለውም ማለት አይደለም።

ሁለተኛው ዕዳ በሽታ ነው። የሾርትከት ቫይረስን የማያስታውስ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ የለም። ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ለማተም ፍላሹን ማተሚያ ቤት ይሰካል፤ ሲመለስ ፋይሎቹ ሁሉ ባዶ ምልክት ሆነው ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ዓለምን ያመሰው ኮንፊከርም ከተዛመተባቸው መንገዶች አንዱ ፍላሽ ነበር። ዊንዶውስ ፍላሽ ሲሰካ ውስጡ ያለውን ፕሮግራም በራሱ የመክፈት ልማድ ነበረው፤ ማይክሮሶፍት ይህን በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ጭምር በስፋት የዘጋው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

መተግበሪያዎቹም ከጥርጣሬ አላመለጡም። ሃጫሉ በተገደለበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ሰኔ 29 ቀን 2020፣ ሕንድ ለደኅንነቴ ያሰጉኛል ያለቻቸውን 59 የቻይና መተግበሪያዎች አገደች፤ ሼርኢትና ዜንደር በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ ኢንተርኔቱ በማግስቱ ሲጠፋ ያለ ኢንተርኔት መሥራት ከሚችሉት ጥቂት መንገዶች መካከል እነዚሁ ሁለቱ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ በሼርኢት የአንድሮይድ መተግበሪያ ላይ ለጥቃት የሚያጋልጡ ቀዳዳዎች እንዳገኘ ይፋ አደረገ። አንዱ አገር የሚያግደው፣ ሌላው አገር የሚተነፍስበት ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ዕዳ መጥፋት ነው። ታክሲ ውስጥ የተረሳ ሃርድ ዲስክ ብቸኛው ቅጂ ከሆነ የአንድ ቤተሰብ ሰርግ ወይም የአንድ ጋዜጠኛ የዓመታት ቃለ መጠይቅ አብሮት ጠፋ። የዲስኩ ዋጋ ይተካል፤ ውስጡ ያለው አይተካም።

አጭሩ መንገድ ዛሬ

ደግነቱ አጭሩ መንገድ እንደ ዛሬ ቀላል ሆኖ አያውቅም። ሁለት ኮምፒውተሮች በአንድ ክፍል ውስጥ ካሉ ከሁሉም የሚፈጥነው ተራ የኔትወርክ ኬብል ነው። ድሮ ሁለት ኮምፒውተር በቀጥታ ለማገናኘት ሽቦው የተጠላለፈ ልዩ ኬብል ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ያሉት ማሽኖች በማንኛውም ኬብል ራሳቸው ይግባባሉ። ሁለቱም ጊጋቢት የሚደግፉና ዲስካቸው የማይዘገይ ከሆነ ያ 50 ጊጋባይት የሰርግ ቪዲዮ 8 ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ከ11 ሰዓት ጋር ይነጻጸር።

ኬብል ከሌለ ዋይፋይ አለ። ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ዋይፋይ ላይ መሆናቸው ብቻ በቂ ነው፤ ዋይፋዩ ኢንተርኔት ባይኖረውም ግድ የለም። ዳታ የተዘጋበት ስልክ ሆትስፖቱን ቢከፍት ያው ነው። ሎካልሴንድ የተባለው ነጻ መተግበሪያ በዊንዶውስ፣ በማክ፣ በሊኑክስ፣ በአንድሮይድና በአይፎን ላይ ይሠራል፤ ፋይሉን በቀጥታ ከማሽን ወደ ማሽን ያሻግራል፤ ምዝገባ አይጠይቅም። የአፕል መሣሪያዎች እርስ በርስ በኤርድሮፕ ይነጋገራሉ፤ አንድሮይድ ስልክና ዊንዶውስ ላፕቶፕ ደግሞ በክዊክ ሼር። እነዚህን ማውረድ የሚገባው ግን ኢንተርኔት እያለ ነው። መንገዱ ከተዘጋ በኋላ መተግበሪያ ፍለጋ መሮጥ ጎርፍ ከመጣ በኋላ ቦይ እንደመቆፈር ነው።

ርቀቱ ከአንድ ሰፈር ሲያልፍ ሃርድ ዲስክ አሁንም ንጉሥ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ያለው በመገልበጡ ላይ ነው። ርካሽ ፍላሽ በሰከንድ 8 ሜጋባይት ያህል ብቻ የሚጽፍ ከሆነ 50 ጊጋባይት ለመጫን ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ጥሩ ኤስኤስዲ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ደጋግሞ ሰውን ግራ የሚያጋባ ሌላም ነገር አለ። ባዶ 64 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ አንድ 6 ጊጋባይት ፊልም ሲጫን «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል ምላሽ ይመጣል። ፍላሹ አልተበላሸም። ፋት 32 በሚባለው አሮጌ አደረጃጀት የተዘጋጀ ስለሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል መያዝ አይችልም። ውስጡ ያለው ነገር ወደ ሌላ ቦታ ተወስዶ ፍላሹ ኤክስፋት በሚባለው ፎርማት ሲደረግ ችግሩ ይፈታል፤ ዊንዶውስም ማክም ያነቡታል። የፓልና የኤንቲኤስሲ ታሪክ በሌላ ልብስ ተመለሰ ማለት ነው፤ ዕቃው ሳይሆን ቋንቋው ነው የተለያየው።

ከሠላሳ ዓመት ልምድ የተገኙት ሕጎችም ጥቂት ናቸው። ፋይል ኮፒ ይደረጋል እንጂ ከት አይደረግም፤ ተቀባዩ ከፍቶ እስኪያየው ድረስ ዋናው ካለበት አይነካም። ምስጢር ያለበት ዲስክ በይለፍ ቃል ይቆለፋል። የማይታወቅ ፍላሽ ሳይፈተሽ አይከፈትም።

የማን ሥራ ነው?

ይህ ሁሉ ግለሰብ በየቤቱ የሚያደርገው ነው። አገርም ግን አጭር መንገድ ያስፈልጋታል። በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ጎሮ አካባቢ ባለው የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ ባለፉት ጥቂት ዓመታት እንደ ራክሲዮ ያሉ የግል የመረጃ ማዕከላት ተተክለዋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ከጀመረ ወዲህም ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን አይደለም። ስለዚህ ከቦሌ ወደ ሲኤምሲ የሚላክ ፋይል ከአገር ሳይወጣ የሚደርስበት መሠረት እየተጣለ ነው። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ባንኮች፣ ሆስፒታሎችና ዩኒቨርሲቲዎች መረጃቸውን እዚሁ ቢያኖሩ ኬብል ባሕር ውስጥ ሲቆረጥ የታካሚ ራጅ ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው መድረሱ አይቆምም።

አንድ ነገር ግን ሊሰመርበት ይገባል። ማዕከሉ ጎሮ መሆኑ ብቻ ነጻነት አያመጣም። አገር ውስጥ ያለ መስመርም በአንድ ትእዛዝ ሊዘጋ ይችላል፤ ያለፉት ዓመታት ያስተማሩት ይህንኑ ነው። ኢንተርኔት መዝጋት ሁከትን ያበርዳል የሚሉ ባለሥልጣናት ከሁከቱ ጋር ምን አብሮ እንደሚቆም ሊጠየቁ ይገባል። የተማሪው ጽሑፍ፣ የሐኪሙ ምስል፣ የጋዜጠኛው ማስረጃ፣ የነጋዴው ደረሰኝ ሁሉ በዚያው መስመር ላይ ነው ያሉት።

እስከዚያው ግን ቢሮ ያለው ሰው ሁለት ሜትር ኬብል ይግዛ። ትምህርት ቤት ያለው ከኢንተርኔት ነጻ የሆነ የውስጥ ዋይፋይ ይዘርጋ። ቤተሰብ ደግሞ የእናት አባቱን ፎቶ በሁለት ዲስክ ገልብጦ በሁለት ቤት ያስቀምጥ። ከጎናችን ለተቀመጠው ሰው የምንሰጠውን ነገር ለማንም ፈቃድ ሳንገዛ፣ ባሕር ሳናሻግር መስጠት መቻል ትንሽ ነገር ይመስላል። መስመሩ በጠፋባቸው ሳምንታት የጀመረውን ሥራ መጨረስ የቻለና ያልቻለ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል።